አሮጌ ቡፌ በቀለም ሲታደስ፦ ሥራው ያለው ከሥር ነው

በየቤቱ አንድ አይጠፋም። እግሩ ያልተነቃነቀ፣ መሳቢያው አሁንም በደንብ የሚከፈት፣ ግን ፊቱ የጠቆረ ቡፌ። ወይ ደግሞ ቫርኒሹ የተላላጠ ኮመዲኖ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ለቆራሌው ለመስጠት ይቸኩላል። በምትኩ የሚገዛው አዲስ ዕቃ ብዙ ጊዜ ቺፑድ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ብሎኑ አንዴ ከላላ መልሶ አይነክስም። አሮጌው ግን ዋንዛ ወይም ዝግባ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ በደንብ የደረቀ ጣውላ ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም ሰው መንገድ ዳር አውጥቶ የሚተወውን ጠንካራ የኦክ ኮመዲኖ ታውቁታላችሁ።

ይህን ዕቃ ቀለም ቀብቶ ማደስ ያዋጣል። ችግሩ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው መሆኑ ነው። ቪዲዮ ያያል፣ ደስ ያለውን ቀለም ይገዛል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይቀባል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እየተላጠ ይመጣል። ከዚያ ቀለሙ ይረገማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙ ምንም አላጠፋም።

የጌጥ አቀባብ ዘዴዎች ስማቸው ብዙ ነው። አዲሱን ዕቃ ያረጀ ማስመሰል፣ ፊቱን ማሰነጣጠቅ፣ ተራውን እንጨት ውድ እንጨት ማስመሰል፣ ስቴንስል (ንድፍ በተቆረጠበት ስስ ነገር ላይ ቀለም ማሳለፍ)፣ ወረቀት መለጠፍ፣ ወርቅ መቀባት። ሲታዩ የተለያዩ ሙያዎች ይመስላሉ። ሁሉም የሚሠሩት ግን በንብርብር ነው። ከሥር አንድ ንብርብር አለ፣ ከላይ ሌላ አለ። ዘዴ የምንለው የሥረኛው የት፣ እንዴትና ምን ያህል እንዲታይ መወሰን ነው። ይህ ከገባችሁ የትኛውንም አዲስ ዘዴ ስታዩ እንዴት እንደተሠራ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የት ላይ ሊበላሽ እንደሚችልም ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ዕቃውን እወቁት

ሁሉም ዕቃ መቀባት የለበትም። ከአንድ ግንድ የተጠረበ የጅማ በርጩማ ካላችሁ እባካችሁ ቀለም አታስነኩት። በእጅ የተቀረጸ፣ የእንጨቱ መልክ ራሱ ጌጥ የሆነ አሮጌ ሣጥንም እንዲሁ። እነዚህን አጽድቶ ሰም መቀባት ይበቃቸዋል። ቀለም አንዴ ወደ እንጨቱ ቀዳዳና ወደ ቅርጹ ስንጥቅ ከገባ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ለቀለም የሚሆነው ፊቱ የተጎዳ፣ መልኩ የተዘበራረቀ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ተራ ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ከምን እንደተሠራ እዩ። ጠርዙንና የመሳቢያውን ጀርባ ተመልከቱ። የእንጨቱ መስመር ከላይ ጀምሮ በጠርዙ ላይ ከቀጠለ ሙሉ ጣውላ ነው። ከላይ የሚያምር እንጨት ሆኖ ጠርዙ ላይ የተጨመቀ ፍርፋሪ ከታየ ቺፑድ ላይ የተለጠፈ ስስ ልባስ ነው። ይህንን መቀባት ይቻላል። በኃይል ከፈገፈጋችሁት ግን ልባሱን በልታችሁ ፍርፋሪው ላይ ትደርሳላችሁ። ፎርማይካ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለም የሚይዝበት ነገር የለውም። መጀመሪያ በደንብ መፈግፈግና ለሚያዳልጥ ፊት የተሠራ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ማያዣ) መቀባት ግድ ነው።

ከሥሩ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁና ዕቃውን መታ መታ ስታደርጉት እንደ ዱቄት ያለ ነገር ከረገፈ፣ ነቀዙ ገና ውስጥ አለ። መጀመሪያ እሱን አስታክሙ። ከላይ ቀለም መቀባት ተባዩን አይገድለውም።

ዕቃው ከዚህ በፊት ቀለም ተቀብቶ ከነበረ የቀለሙን ዓይነት ማወቅ ቀላል ነው። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ድብቅ ቦታ ላይ እሹት። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከመጣ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ነው። ካልመጣ የዘይት ቀለም መሆኑ አይቀርም። የዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም በቀጥታ ከተቀባ እየተላጠ ያስቸግራል። መካከላቸው ፕራይመር ያስፈልጋል።

አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሆን ቀለም ላይ እርሳስ የታገደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ ያወጣችው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ያለበትን ዕቃ ስትፈገፍጉ አቧራውን እንደ ተራ አቧራ አትዩት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የሚገባውም እንዲህ ባለ ብናኝ ነው። በደረቁ አትፈግፍጉ። ልጆችና እርጉዝ ሴት ካሉበት ቤት ራቁ። በውሃ እያረጠባችሁ ሥሩ፣ ጭምብል አድርጉ፣ የጠረጋችሁበትንም ጨርቅ በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት። የልጅ አልጋ ከሆነና የቀለሙን ታሪክ ካላወቃችሁት፣ የእኔ ምክር ጨርሶ እንዳትነኩት ነው።

ቀለም የሚይዘው ለምንድን ነው?

ቀለም ከእንጨት ጋር የሚያያዘው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ፊቱ ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ ፊቱን በደንብ ያረጥበዋል። ሁለተኛው፣ ፊቱ ሻካራ ከሆነ ቀለሙ ወደ ጭረቶቹ ገብቶ ሲደርቅ ይቆነጥጣል። ቡፌ ደግሞ የሚውለው ሳሎን ወይም ወጥ ቤት አጠገብ ነው። የዓመታት የቅቤ ተን፣ የዕጣን ጭስ፣ የእጅ ላብ ተጋግሮበታል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሲሊኮን ያለበት የዕቃ ማጽጃ ተረጭቷል። ሲሊኮን ባለበት ቦታ አዲሱ ቀለም ይሸሻል፤ ክብ ክብ የዓሣ ዓይን የመሰለ ባዶ ቦታ ይተዋል። ምን ያህል ብትደራርቡበት አይሸፍነውም።

ስለዚህ ቅድሚያ መታጠብ ነው። እጀታውንና ማጠፊያውን በካቻቢቴ ፍቱ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የሳሙና ቅሪትም ቀለም አያስይዝምና ማለቅለቁን አትዝለሉት። ጥጋ ጥጉን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዙት። እስኪደርቅ አንድ ቀን ስጡት።

ብርጭቆ ወረቀት ከጀርባው ቁጥር አለው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ ነው፣ በጨመረ መጠን ለስላሳ ነው። 80 ቁጥር የወፈረ ቀለም ያነሣል፣ ግን ጭረት ይተዋል። ለአብዛኛው ቡፌ በ120 ጀምሮ በ180 ወይም በ220 መጨረስ ይበቃል። ዓላማው የድሮውን ቫርኒሽ ጨርሶ ማንሣት አይደለም። አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ፊቱ ሁሉ እኩል እንዲደበዝዝ ነው። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ፈግፍጉ። አግድም የሄደ ጭረት ከቀለም በኋላ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጉድጓዱን በእንጨት ስቱኮ ድፈኑ፣ ሲደርቅ አስተካክሉ፣ አቧራውን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ።

ከዚያ ፕራይመር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሲያድር ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ ይወጣበታል። ሰው ቀለሙ ሳስቷል ብሎ ሁለተኛ እጅ ይቀባል፤ ጥላው እንደገና ይወጣል። ምክንያቱ እንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ነገር ነው። በሻይ ቅጠል ውስጥም ያለው እሱ ነው። ታኒን በውሃ ይሟሟል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ስትቀቡ ውሃው ታኒኑን ይስበዋል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ከላይ ይቀራል። በሁለተኛው እጅ ሌላ ውሃ ጨመራችሁለት ማለት ነው። መፍትሔው ውሃ የሌለበት መከላከያ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሼላክ ያለበት ፕራይመር ነው። ሼላክ ላክ ከተባለች ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ የሚሟሟው በአልኮል እንጂ በውሃ አይደለም። እሱ ካልተገኘ የዘይት ፕራይመር ይሠራል። የእንጨቱ ጉብ ጉብ ያለ ቋጠሮ ያለበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ሸፍኑት።

ጀሶ ያለበት ቀለም

ባለፉት ዓመታት ለአሮጌ ዕቃ ከወጡት ቀለሞች ሁሉ ብዙ የተወራለት ቾክ ፔይንት ነው። በዚህ ስም ያወጣችው በ1990 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ አኒ ስሎን ናት። ሲደርቅ አያንጸባርቅም፤ እንደ ጠመኔ የደበዘዘ፣ ለስላሳ ፊት ይሰጣል። ብዙ ዓይነት ፊት ላይ ያለ ፕራይመር ይይዛል። በቀላሉ ስለሚፈገፈግም ዕቃን ያረጀ ለማስመሰል ይመቻል። ከውጭ የሚመጣው ግን ውድ ነው፤ በየሱቁም አይገኝም።

እሱን የሚመስል ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የማያንጸባርቅ የውሃ ቀለም፣ ጀሶና ውሃ ነው። አንድ እጅ ጀሶ ንፉና በአንድ እጅ ውሃ ጓጉል እስኪጠፋ ምቱት። ከዚያ ሦስት እጅ ቀለም ጨምራችሁ አማስሉ። ጀሶውን በቀጥታ ቀለሙ ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል፤ ጓጉሉም ዕቃው ላይ አሸዋ ይመስላል። ጀሶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይጠነክራልና ወዲያው የምትጠቀሙበትን ያህል ብቻ በጥብጡ። የተረፈው ለነገ አይሆንም። የታኒን ጉዳይ ግን እዚህም አለ። ቀለሙ ያለ ፕራይመር ይያዝ እንጂ የጠቆረ እንጨት ላይ ነጭ ከሆነ ጥላው መውጣቱ አይቀርም።

ነጭ የጀሶ ሽፋን ለኛ አገር እንጨት እንግዳ አይደለም። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በጣውላ ላይ ሲሥሉ መጀመሪያ እንጨቱን በነጭ የጀሶ ሽፋን ያለሰልሱት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ከሠራቸው የጣውላ ሥዕሎች አንዱ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ቀለሙ ከእነ ውበቱ የደረሰልን ሠዓሊው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከሥር ያለው ዝግጅት ስለተሸከመው ጭምር ነው።

ያረጀ ማስመሰል

ከሁሉ ቀላሉና ለጀማሪ የምመክረው ይኸኛው ነው። ሁለት ቀለም ይቀባል። ከዚያ የላይኛው በየቦታው ተነሥቶ የሥረኛው እንዲታይ ይደረጋል። የፈዘዘ ሰማያዊ ከሥር፣ ነጣ ያለ ግራጫ ከላይ ጥሩ ይሄዳል። የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ ከ1771 እስከ 1792 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ የተስፋፋው የቤት ዕቃ ስልት በእንዲህ ያሉ የገረጡ ቀለሞች ይታወቃል። ክረምቱ ረጅምና ጨለማ በሆነበት አገር ክፍሉን ያበራል። ግድግዳው ጠቆር ያለ፣ መስኮቱ የጠበበ ቤት ላላችሁ የአዲስ አበባ ሰዎችም ይሠራል።

ብልሃቱ ሻማ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ሲደርቅ የሻማ ቁራጭ ውሰዱና እንዲታይ የምትፈልጉበትን ቦታ እሹት። ከዚያ ሁለተኛውን ቀለም ቀቡ። ሰም ባለበት ቦታ ቀለሙ አይይዝም። ሲደርቅ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ስታልፉበት እዚያ ላይ ያለው ቀለም ራሱ እየተነሣ ይመጣል። ሌላው ባለበት ይቀራል።

የት ላይ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በየቦታው እኩል ይፈገፍጋል፤ ውጤቱ በሽታ የያዘው እንጂ ያረጀ አይመስልም። ዕቃ በእውነት ሲያረጅ የሚነጣው እጅና ክርን የሚነካው ነው። የመሳቢያው የላይኛው ጠርዝ፣ በእጀታው ዙሪያ፣ የወንበሩ መደገፊያ ጫፍ፣ መጥረጊያ የሚመታው የእግሩ ታች። መሐል ላይ ያለው ሜዳ ፊት አያልቅም። ከመጀመራችሁ በፊት ቡፌው ፊት ቆማችሁ እንደምትከፍቱት አድርጉ። እጃችሁ የት እንደሚያርፍ እዩ። እዚያ ላይ ነው የሚፈገፈገው።

ፊቱን ማሰነጣጠቅ

ይህን ዘዴ ከሌሎቹ በላይ እወደዋለሁ። የሚሠራው ቀቢው ሳይሆን ቁሱ ራሱ ነው። ክረምት አልፎ ፀሐይ ሲመታው የተሰነጣጠቀ የጭቃ ሜዳ አስቡ። ከላይ ያለው ቶሎ ደርቆ ይሸማቀቃል፤ ከሥር ያለው ገና እርጥብ ነው፤ መሬቱም ይተረተራል። በቀለም የምንሠራውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ከስንጥቁ ውስጥ እንዲታይ የምትፈልጉትን ቀለም ቀቡ። ጠቆር ያለ ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ያምራል። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቀጥሎ ነጩን የአናጢ ኮላ ሳታቀጥኑ በብሩሽ ቀቡበት። አሁን መጠበቅ ነው። ትክክለኛው ሰዓት የሚታወቀው በጣት ነው። ስትነኩት ጣት ይይዛል፣ ኮላው ግን ጣታችሁ ላይ አይቀርም። ገና እርጥብ ሳለ ከቀባችሁ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ጨርሶ ከደረቀ ደግሞ አይሰነጠቅም።

በዚያ ሰዓት የላይኛውን ቀለም ቀቡ። የማያንጸባርቅ የውሃ ቀለም ይሁን፣ ብሩሹም ቀለም የጠገበ ይሁን። በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ጊዜ ሳቡት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ተመልሳችሁ በብሩሽ ከነካችሁት መሰንጠቅ የጀመረው ፊት ይቦካል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስስ መስመር ይታያል፣ መስመሩ ይሰፋል፣ ከውስጡ ቀዩ ብቅ ይላል። ቆሞ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል።

ስንጥቁን መምራት ይቻላል። ኮላው ከወፈረ ስንጥቁ ሰፊ ይሆናል፣ ከሳሳ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። በብሩሽ ወደ ታች ከሳባችሁት መስመሩ ወደ ታች ይሄዳል። በስፖንጅ ከቀባችሁት ሸረሪት ድር የመሰለ ይወጣል። የቁም ሳጥን በር ከሆነ ነቅላችሁ አጋድማችሁ ሥሩ፤ በቆመ ፊት ላይ ኮላው ይወርዳል። ሁለት ቀን ካደረ በኋላ በዘይት ቫርኒሽ ይሸፈን። ነጩ ኮላ ውሃ ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳል። የውሃ ቫርኒሽ በብሩሽ ብታሹበት የሠራችሁትን ስንጥቅ ልታንቀሳቅሱት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ ለጠረጴዛ ፊት አልመክርም። በየቀኑ በረጠበ ጨርቅ የሚወለወል ነገር አይስማማውም።

ተራውን እንጨት ውድ ማስመሰል

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓም በሰሜን አሜሪካም ማሆጋኒ መግዛት ያልቻለ ሰው ርካሹን የጥድ ጣውላ ማሆጋኒ አስመስሎ ያስቀባ ነበር። ሙያው የራሱ ባለሙያዎች ነበሩት፤ አንዳንዱን ሥራ ዛሬም ከእውነተኛው እንጨት መለየት ያስቸግራል።

የሚሠራበት ነገር ግሌዝ ይባላል። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቶሎ የማይደርቅ ቅባት ነው፤ ቀለም ጠብ ተደርጎበት ከሥር ባለው ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ይሆናል። የሥረኛው ቀለም ልታስመስሉት ባሰባችሁት እንጨት ውስጥ ከሚታየው ሁሉ የነጣው ይሁን። የጠቆረውን ግሌዝ ከላይ ቀቡና ሳይደርቅ በማበጠሪያ፣ በደረቅ ብሩሽ ወይም በተጨማደደ ጨርቅ ሳቡት። ማበጠሪያው ግሌዙን እየጠራረገ ሲሄድ ከሥር ያለው ይታያል፤ የእንጨት መስመር ይሆናል። እጃችሁ ትንሽ ይወዛወዝ፤ ቀጥ ያለ መስመር ያለው እንጨት ብዙ የለም።

ግሌዝ ካልተገኘ አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገጠር ሰዎች ይሠሩበት የነበረ ዘዴ አለ፤ እኛም ወጥ ቤት ውስጥ ይገኛል። ግማሽ ኩባያ አቼቶ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። በዚህ የዱቄት ቀለም በጥብጡ። ስኳሩ እንዲያያዝ ያደርገዋል፣ ሳሙናው ፊቱ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ እንዳይሰበሰብ ይረዳል። የደረቀ የዘይት ቀለም ላይ ቀቡና በላባ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ፣ በተጠቀለለ ወረቀት ምልክት አድርጉበት። ካላማራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ የለም። በውሃ ስለሚነሣ ግን መጨረሻው የዘይት ቫርኒሽ መሆን አለበት። እብነ በረድ ማስመሰልም መንገዱ ያው ነው። ማበጠሪያውን በላባ ትተካላችሁ፣ በድንጋዩ ውስጥ እንደ ደም ሥር የሚሄዱትን መስመሮች በቀጭኑ ትስላላችሁ።

ስቴንስል፣ ወረቀትና ወርቅ

ለስቴንስል ከአሮጌ የራጅ ፊልም የተሻለ ነገር አላየሁም። በምላጭ ይቆረጣል፣ አይርስም፣ ታጥቦ ደግሞ ይሠራል። ንድፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሀበሻ ቀሚስ ጥበብ አብዛኛው በመስመርና በአራት ማዕዘን የተሠራ ስለሆነ ለመቁረጥ የተመቸ ነው። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ ላይ ያለው ሐረግ ደግሞ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድ ነው፤ ለመሳቢያ ፊት ልክ የተሠራ ይመስላል። ሲቆረጥ ግን መስመሮቹን የሚያያይዝ ድልድይ ካልተዋችሁለት መሐሉ ወድቆ ይቀራል።

የስቴንስል ብልሃት ብሩሹን ማድረቅ ነው። ቀለም ንኩና በወረቀት ላይ ጠርጉት፤ ምንም የቀረ እስከማይመስል ድረስ። ከዚያ ብሩሹን አቁማችሁ መታ መታ አድርጉ። ቀለም ከበዛ በፊልሙ ሥር ይሾልካል። ሁለት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይበልጣል።

ወረቀት መለጠፍ ዲኩፓዥ ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ ውስጥ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው የላከር (አንጸባራቂ ሙጫ የተቀባ) ዕቃ ሰው ሁሉ የሚመኘው፣ ግን ዋጋው የማይቀመስ ነበር። የቬኒስ አናጢዎች የታተመ ሥዕል ቆርጠው፣ ቀለም ቀብተው፣ ዕቃው ላይ ለጥፈው በቫርኒሽ ደራርበው ሸፈኑት። በባሳኖ ከተማ ሬሞንዲኒ የተባለ የአታሚዎች ቤተሰብ ለዚሁ ተብሎ የሚቆረጥ ሥዕል እያተመ ይሸጥ ነበር። የቫርኒሹ ንብርብር የወረቀቱን ጠርዝ እስኪውጠው ድረስ ይደገማል። በጣት ስትዳስሱት ወረቀቱ የት እንደሚጀምር መታወቅ የለበትም።

በቤት ስትሠሩት ስስ ወረቀት ምረጡ። ናፕኪን ከሆነ ንጣፎቹን ለያዩና ሥዕል ያለበትን የላይኛውን ብቻ ውሰዱ። ኮላውን በትንሽ ውሃ አቅጥኑ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያሻችሁ አየሩን አስወጡ። ራሳችሁ የምታትሙት ፎቶ ከሆነ በሌዘር ፕሪንተር ይታተም። የኢንክጄት ቀለም ኮላው ሲነካው ይሟሟል፤ የእናታችሁ የሠርግ ፎቶ ላይ እንዲህ ቢሆን ያሳዝናል።

ወርቃማ ቅጠል (ተለጣፊ፣ በጣም የሳሳ ወርቅማ ብረት) ላይ ብዙ አልቆይም። ከሥሩ ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም መቀባት የድሮ ልማድ ነው፤ ወርቁ በጠርዙ ላይ ሲሳሳ ቀዩ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ርካሹ ቅጠል መዳብና ዚንክ ስለሆነ ይጠቁራል፤ በሼላክ ሸፍኑት። ቡፌ ሙሉውን ወርቅ አትቀቡ። የፍሬሙ ጠርዝና እጀታው ይበቃል።

መጨረሻው እጅ

ሁለት ምርጫ አለ፤ ሰም ወይም ቫርኒሽ። ሰም የደበዘዘ ውበቱን ይጠብቃል፤ ለእጅም ደስ ይላል። ኢትዮጵያ ብዙ የንብ ሰም የምታመርት አገር ስለሆነች እውነተኛው ሰም ሩቅ አይደለም። ለመሥራት ሰሙን በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡ፤ ከእሳት ላይ አውርዳችሁ ካራቃችሁት በኋላ ሦስት እጥፍ ያህል ተርፔንታይን ጨምሩ። እሳት አጠገብ ፈጽሞ አይደረግም፤ ተኑ ይቀጣጠላል። ሰም ግን ሙቀት አይችልም። የጋለ ጀበና የሚያርፍበት ረከቦት ወይም ትሪ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ በሰም ብቻ አይሆንም። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ስስ እጅ ቫርኒሽ ያስፈልጋል። ሰም ላይ ቫርኒሽ ስለማይይዝ ደግሞ ምርጫው አስቀድሞ ይወሰን። ነጭ ዕቃ ከሆነ የውሃ ቫርኒሽ ምረጡ፤ የዘይቱ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል።

ዘይት የነካው ጨርቅ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ውሃው ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው። ይህ ሲሆን ሙቀት ያወጣል። በተልባ ዘይት ወይም በዘይት ቫርኒሽ የረጠበ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ውጪ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ተዉት፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።

በመጨረሻ ጊዜ ስጡት። ቀለም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲነካ የደረቀ ይመስላል። ጨርሶ እስኪጠነክር ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብዙ ቀለም እስከ አንድ ወር ይወስዳል። በአዲስ አበባ ክረምት፣ አየሩ ቀዝቅዞ ርጥበቱ ሲበዛ ደግሞ ይዘገያል። ለሥራው ከመስከረም በኋላ ያለው በጋ ይሻላል። የባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃል፤ ስለዚህ ማለዳ ወይም ቤት ውስጥ ሥሩ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየጨረሳችሁ ሂዱ። በዚያ ወር ውስጥ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፣ ሁለት የተቀባ ፊት ከተጫነ ይጣበቃል። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስም አታልብሱት። ቴሌቪዥኑንና የአበባ ማስቀመጫውን ከወሩ በኋላ መልሱ፤ ከሥራቸው ስስ ጨርቅ ቁራጭ ለጥፉላቸው።